ከኮረብታው ጫፍ ያየሁት

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የክረምት ሳልህስ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ከእንቅልፍ ያስነሳሃል? እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ የከረምኩት አንተን ላለማስጨነቅ ነበር፤ የዛሬው ግን እውነቴን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈራችን ጀርባ ያለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ወጣሁ።

አበደች እንዳትል፤ ጨርሰህ አንብበው። ሰውነቴን የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች፤ ስታዝዝ አይጣል ስለሆነ ሻምበል እንላታለን። እሷ አንድ ፎቶ ይዛ የሰፈራችን በያጅ ዘንድ ሄደች። ፎቶው ላይ ከሥሩ አንድ ጎማ ብቻ ያለው ወንበር ነበር፤ አንዱ ከፊት ይጎትተዋል፣ ሌላው ከኋላ ሚዛኑን እየጠበቀ ይገፋዋል። በያጁ ሁለት ወር ሲቆርጥ፣ ሲበይድ፣ ሲያፈርስ ከረመ። የሞተር ሳይክል ጎማና የአሮጌ መኪና ወንበር ከነቀበቶው ገጠመለት። ሲጨርስ መጀመሪያ ራሱ ታስሮ በድንጋይ ላይ አስነዳው። እማዬ ግን ምኑም አልተዋጠላት። አጠገቤ የቀረችውን አንዷን ልጄን ገደል ልትከቱብኝ ነው ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሻምበል ናት ለምናም ተቆጥታም ያስለቀቀቻት።

የመኪናው መንገድ አልቆ የእግር መንገዱ ሲጀምር ትንፋሼን ያዝኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በተሽከርካሪ ወንበሬ፣ ዓለም ለኔ የምታልቀው እዚያ ነበር። ጎማው ድንጋዩ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ አለፍን። ቅርንጫፍ ፊቴን ሲገርፈኝ ደስ አለኝ። ረጅሙ ሣር እግሮቼን ሲዳብሳቸው አየሁ። አልተሰማኝም፤ ጎንበስ ብዬ ካልሲዬን ስነካው ግን በጤዛ ርሷል።

ጫፉ ላይ ደረስን። ቀያሽ ሳለሁ ያን ኮረብታ ለክቼዋለሁ፤ ከፍታውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ወንድሜ፣ ለካ ምንም አላውቅም! የደመና ጥላ ሐይቁን ተሻግሮ፣ እርሻውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ በላያችን ሲያልፍ አየሁ። ፊቴ ቀዘቀዘ፣ ተመልሶ ሞቀ። ከመስኮቴ የማየው ሰማይ ከፎጣ አይሰፋም፤ ይሄኛው ዳር የለውም። ይህ ሁሉ እዚሁ ነበር? አልኩ በልቤ። በያጁ ቆቡን አወለቀና፣ "የኔ እጅ እዚህ ያደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም" አለ።

ስንመለስ ከፊት ስትጎትት የዋለችው ሻምበል ወገቧን ያዛት። ለሚቀጥለው ከፊት የሚይዝ ጉልበተኛ ያስፈልገናል፣ ማን አለሽ? ብላ ጠየቀችኝ።

"ወንድም አለኝ" አልኳት። "ዓይኑን ከመንገድ የማይነቅል።"

እማዬ ሰምታኛለች። ገብታ አልጋህን አነጠፈች።

ጠይቀኸኝ የማታውቀውንም ልመልስልህ። አደጋው የደረሰብን ቀን፣ አንተ ስትነዳ፣ ውሻዋ ድንገት ነው መንገዱ ላይ የገባችው። ከጎንህ ተቀምጬ አይቻታለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መንገድህን ያቅናልህ፤ እንቅልፍህን ይመልስልህ። ስትመጣ ድንጋይ የሚችል ጫማ አድርግ።

ታላቅ እህትህ