አበባው በግራ እጇ

ማርች 2
ዛሬም አባባን እጁን ይዤ ሳንቲም መምቻው ቤት አደረስኩት። ለሰው የምንለው «እግሩን አሞታል» ነው። ዓይኑ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ። አለቃችን ዲዮጋስ ሲያልፍ አባባ የሳንቲሙ ምስል በሚመታበት ማኅተም ላይ አጎንብሶ የሚቀርጽ መሰለ... ተዋናይ!

ማርች 5
አዲስ ትእዛዝ። በነሐሱ ሳንቲም ጀርባ ተስፋ የምትባለዋ አምላክ ትውጣ፦ በቀኝ እጇ አበባ፣ በግራዋ የቀሚሷን ጫፍ ከፍ አድርጋ። አባባ ቀኑን ሙሉ አንድ መስመር ቀረጸ፤ እሱም ጠማማ።
«ቱርኒያ፣ በቃኝ መሰለኝ።»
ከዚህ ከተባረረ ምን ይሆናል? ሠላሳ ዓመት ሌላ ሥራ አያውቅም። መቅረጫውን ተቀበልኩት። አበድኩ እንዴ?

ማርች 9
ሰው ለምሳ ሲወጣ እቀርጻለሁ። የተስፋን አረማመድ ከዓሣ ሻጯ ከሩፊላ ወሰድኩ፤ ጭቃ ስትሻገር ቀሚሷን እንደዚያ ነው የምትሰበስበው። ለአባባም ነገርኩት። አምላኳ ይቅር ትበለኝ... ግን እንዴት አማረች!

ማርች 11
ጉዴ ፈላ። መዶሻው አረፈ፣ ዲዮጋስ የመጀመሪያዋን ሳንቲም አነሣ። አበባው በግራ እጇ! ማኅተም ቀኙ ግራ ሆኖ ተገልብጦ እንደሚቀረጽ እንዴት ይጠፋኛል? ደስታዬ አሳወረኝ።
«ሠላሳ ዓመት የቀረጸ ሰው ይቺን አይሳሳትም። ማነው የሠራው?» አለ።
«እኔ ነኝ» ልል ስል አባባ ቀደመኝ።
«ልጄ ናት። እኔ ማየት ካቆምኩ ቆየሁ። ካባረርክ እኔን አባርር፤ መጀመሪያ ግን የተስፋን አረማመድ እይ።»
አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።
«ይቺማ ሩፊላ ናት! የእኛ አማልክት እንጨት የዋጡ ይመስሉ ነበር፤ ይቺ ትሄዳለች።»
አራት ቀን ሰጠኝ። «አበባውን ወደ ቦታው መልሺ። አንተም ሽማግሌ፣ ከጎኗ ቁጭ በልና አስተምራት።»
በደስታ አለቀስኩ... እሱ ፊት!

ማርች 15
ቀኝ እጅ! ቀኝ! ቀኝ!

ማርች 28
የንጉሠ ነገሥቱን ፊት እንድቀርጽ ሰጡኝ። ለእኔ! በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ እቀርጻለሁ። አባባ አጠገቤ ነው፤ የቀረጽኩትን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ያርመኛል። የድሮው ድምፁ ተመልሷል፣ ቤቱን ይሞላዋል።
«አባባ፣ አገጩ ድርብ ነው። ልቅረጸው?»
«አብደሻል? ሠላሳ ዓመት ዳቦ የበላነው ያንን ባለማየት ነው!»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዲዮጋስ እንኳ።
አንድ አገጭ ብቻ ቀረጽኩ።