መንገድ ያልተሻገረው ሽቦ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ንዴቴ ቀደመኝ። በስልክ «እማዬን ስፌት ቤት ውስጥ ምን ብለሽ አስተኛሻት?» ብለህ ጮህክብኝና መልሴን ሳትሰማ ዘጋህ። እንግዲህ አንብብ።

ጣሪያዬ ላይ የተከልከው ሶላር እንከን የለውም። የእማዬን ቤት ያ ከጎኑ የተሠራው ፎቅ ፀሐይ ስለከለለው፣ ከእኔ ጣሪያ መንገዱን አሻግረህ ሽቦ ሳብክላት። መብራት ቢጠፋም የኦክስጅን ማሽኗ አይቆምም ነበር። አንተ ወደ ውጭ አገር ከተመለስክ በኋላ የመብራት ኃይል ተቆጣጣሪው መጣ፤ ሽቦውን ቀና ብሎ አየና ቆረጠው። ለራስ ማመንጨት ይቻላል፤ የሕዝብ መንገድ አሻግሮ ለሌላ ቤት መስጠት ግን ማከፋፈል ነው፣ ፈቃድ ይፈልጋል አለ።

ቢሮው ድረስ ሄድኩልህ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለድርጅት ብቻ ነው አሉኝ።

«ለእናቴ እኮ ነው!»

«ሕጉ እናት አይልም፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ከንፈሯ ይጠቁር ጀመር። ቤቴን አልለቅም ብላ ስንት ጊዜ ተጣላን መሰለህ! በመጨረሻ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ከነወንበሩ ተሸክመን አሻገርናት። ተቆጣጣሪው በዚያ ሲያልፍ አየችውና ጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ እኔስ መሻገር እችላለሁ?»

«እርስዎማ ይችላሉ፣ እማማ።»

«እንዳትቆርጠኝ ብዬ ነው።»

የተሸከሟት ጎረቤቶች ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

«ወደኔ አምጪያት፣ እዚህ ሕጉ ጥሩ ነው» ትለኛለህ። የቱ ሕግ? ድንበሩ ላይ የተከላችሁት የነፋስ ኃይል ማማ የሁለቱ አገር ደንብ አልገጠመም ተብሎ ክንፉ ታስሮ ቆሟል ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? የውጭ ዜጋ ነህ ብለውስ አንዲት ሶላር በስምህ እንዳትተክል ከልክለውህ የለ? አትሸንግለኝ፣ የእናቴ ልጅ።

አሁን በስፌት መኪናዬና በጨርቁ ክምር መሃል ትተኛለች። ደንበኛ ልብስ ሲለካ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ማሽኑ ይሠራል፣ ትተነፍሳለች፤ ሌላውን አትጠይቀኝ። ሰው ከሌለ በመስኮቱ የገዛ በሯን ስታይ ትውላለች። ትናንት «ያ ቤት የማን ነው?» አለችኝ። ረስታ ይሁን ተቀይማኝ፣ መጠየቅ ፈራሁ።

መጥቼ ሽቦውን እቀጥለዋለሁ ያልከውን ተው፤ ያስሩሃል። ፒንሳህን እዚያው አስቀምጥና ባዶ እጅህን ና። ግን ቶሎ ና፣ እማዬ ገና ስምህን ሳትረሳው።

ያኮረፈችህ እህትህ