ዳልቺት ፀጉር አበቀለች
ቡታጅራ፣ አርብ ነሐሴ ፴ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ድመቴ ዳልቺት ፀጉር አበቀለች። ጠዋት ጀርባዋን ስዳብሳት እንደ ጥጥ ለስለስ አለኝ፤ ወደ በር ወስጄ በብርሃን አየሁት። እውነት ነው።

ባለቤቴ የጀርባዋን መመለጥ አይቶ፣ እከክ ነው፣ ለልጆቹ ይተርፋል ብሎ ዛሬ ከገበያ በሚመለሰው መኪና ቡኢ ወስደው እንዲጥሏት ቆርጦ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ ይሻላታል ብዬ ከሰኔ ጀምሮ በየጠዋቱ እንደ ሙሽራ ቅቤ ስቀባት ከረምኩ። በቀባኋት ቁጥር ይብስባታል፤ ራሷን እየላሰች፣ እየቧጠጠች ጀርባዋ ተላጠ። ነሐሴ ሲገባ በርበሬ ሊቀነጥሱልኝ የመጡት ጎረቤቴ እማማ ዘይነባ ናቸው ነገሩን የደረሱበት።

"ልጄ፣ ይቺ ድመት የምትተኛው በርበሬው ጆንያ ላይ ነው" አሉኝ። "አንቺ ቅቤ ትቀቢያታለሽ፣ ቅቤው ደግሞ የበርበሬውን ብናኝ ቆዳዋ ላይ ይይዛል። እኛንስ ቢሆን መች ያስተኛናል?"

በዚያው ቀን በሳሙና አጥቤ ማድ ቤት ውስጥ ቃጫ አነጠፍኩላት።

ዛሬ ባለቤቴ ራሱ ጀርባዋን ዳበሰው። ወጥቶ ሾፌሩን "ሂድ፣ የሚጫን የለም" ሲለው ሰማሁ። ሮጬ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም። ተመልሶ እየሳቀ፣ "እንግዲህ ለመስቀል እሷም ክትፎ ትቀምሳለች" አለ።

እኔም ሳቅኩ። መስቀል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዓመቱን ሙሉ ለክትፎው ያጠራቀምኩት የቅቤ ማሰሮ ከግማሽ በታች መሆኑን የምናውቀው ግን እኔና ዳልቺት ብቻ ነን።