በመስታወት እያየሁ ስላቃጠልኩት ላፕቶፕ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የንብረት አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ለወገብዎ፣ ለደም ግፊትዎና በተለይም ለዓይንዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ማየት የሚጠይቀው ሥራ ሁሉ ለእኛ ለበታቾችዎ ስለተተወ ዓይንዎ ብዙ እንዳልደከመ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ በሁለተኛው ፎቅ በልደት ምዝገባ መስኮት የምሠራው፣ ባለፈው ማክሰኞ የቻርጀሩን ጫፍ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሰክቼ ላፕቶፑን ያቃጠልኩት ሠራተኛ ነኝ። አልክድም፤ የሰካው የእኔው እጅ ነው። ብልጭ አለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ከዚያ ጸጥ። መስኮቱ ላይ ሕፃን አቅፋ የቆመችው እናት ከእኔ ይበልጥ ደነገጠች። እርስዎ ግን «በግዴለሽነት አበላሽቻለሁ» የሚል ቅጽ ልከውልኛል፤ ካልፈረምኩበትም ለተፈቀደልኝ ዝውውር ክሊራንስ እንደማይሰጡኝ አስታውቀውኛል። አልፈርምም። ምክንያቶቼን በትሕትና አቀርባለሁ፦

1ኛ. ላፕቶፖቻችን እንዳይሰረቁ አስበው እያንዳንዳቸውን በብረት ሳጥን ከጠረጴዛው ጋር ስላስበየዱልን፣ በቅርቡም ለአርአያነት የራስዎን ስላስበየዱ ከልብ አመሰግናለሁ። እውነትም እስካሁን አንድም አልጠፋም። ሆኖም ሳጥኑ ሲበየድ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ጎን ወደ ግድግዳ ዞሮ ቀርቷል። በሳጥኑና በግድግዳው መካከል የሚያልፈው እጅ ብቻ ነው። ጭንቅላት አያልፍም፤ ሞክሬዋለሁ፣ የተላጠው ጆሮዬ ምስክሬ ነው።

2ኛ. ሳጥኑ እንዲዞርልኝ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ፣ ለሦስቱም «ሠራተኛዋ በጥንቃቄ ትጠቀም» የሚል መልስ ሳይውል ሳያድር ሰጥተውኛል። እጅዎ ይባረክ።

3ኛ. ጥንቃቄያችን ምን እንደሚመስል ምናልባት አልሰሙ እንደሆነ፣ አጠገቤ የምትሠራው ባልደረባዬ የፊት መስታወቷን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትይዝልኛለች፤ እኔም መስታወቱን እያየሁ እሰካለሁ። በየጠዋቱ መላው ፎቅ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይሰካል፣ ባለጉዳይ ይጠብቃል። የቻርጀሩና የጆሮ ማዳመጫው ክብ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ መስታወት ደግሞ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ያሳያል። አራት ዓመት ሙሉ በልቤ እያገላበጥኩ አንድም ቀን ሳልስት ሰክቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

የት እንደነበር ልንገርዎ። እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዓይኗ እየከዳት የመድኃኒት ጠርሙሶቿን በዳሰሳ መለየት ጀምራለች፤ ዝውውር የጠየቅኩትም እሷ ወዳለችበት ከተማ ነው። በዚያ ጠዋት ስልክ ደውላ የማታውን መድኃኒት ለጠዋቱ መዋጧን ነግራኝ ነበር። ፈርቼ ነበር፣ ክቡርነትዎ። ግዴለሽ ሰው አይፈራም።

ፈርሜ መገላገልን አላሰብኩም አልልም፤ ብዕሩን አንስቼ ነበር። እናቴን ባማክራት ግን፣ ሰው ያላደረገውን አድርጌአለሁ ብሎ ፈርሞ ወደ እሷ ቢመጣ በሯን እንደማትከፍትለት ቁርጡን ነገረችኝ። እሷ ደግሞ ያለችውን ከማድረግ አትመለስም። ስለዚህ ተሳስቻለሁ በሚል ዛሬውኑ እፈርማለሁ፤ ግዴለሽ ነበርኩ በሚል ግን ጣቴንም አላነሳም። ክሊራንሴን እስካገኝ ድረስም በየጠዋቱ ከሥራ ሰዓት በፊት በርዎ ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ። ወንበር ይምጣላት ብለው እንዳይቸገሩ፣ መቆም እችላለሁ።

ጊዜዎን ሠውተው ስላነበቡልኝ፣ ካላነበቡትም ሌላው ሠራተኛ ስላነበበልዎ፣ ከግድግዳው ሥር እንደለመድኩት አጎንብሼ እጅ እየነሣሁ፣

የልደት ምዝገባ መስኮት ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስወርድ የእርስዎም ላፕቶፕ ዛሬ ጠዋት ብልጭ ብሎ መጥፋቱን ከጸሐፊዎ ሰምቼ ከልቤ አዘንኩ። ባልደረባዬ መስታወቷን ልካልዎታለች። እኔም ያልፈረምኩበትን ቅጽ አያይዤ መልሻለሁ፤ የስሙ ቦታ ባዶ ስለሆነ ይሆንዎታል።