የቅርብ ተጠሪ

ኮልፌ፣ ቅዳሜ ኅዳር 18 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለምወድሽ እታለሜ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ጋሽ አምሐስ ሥራው እንዴት ይዟቸዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማማ ስኳር ወርዶላቸዋል፤ ጠዋት ጠዋት እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን ነገር የለም።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት እንደያዝኩ ይገርምሽ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ልጆቹ አጠገብሽ ሲንጫጩ ሰማሁና ስለ ጅማ ዝናብ አውርተን ዘጋሁ። የምነግርሽ ነገር በዚያ መሀል የሚነገር አይደለም። ሌሊሴ ነገ እናቷን ልትጠይቅ ወደ እናንተ አገር ስለምትወርድ ደብዳቤውን ለእሷ ሰጠኋት። በእጅሽ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጠው አስምያታለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ዋናውን ላስቀድም። የፊታችን ረቡዕ ወደ ግንባር እሄዳለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ፈቃደኛ ነርሶች ሲመዘገቡ ተመዝግቤ አለፍኩ። ማንም አልገፋፋኝም፤ ከማንም ጋር ተጣልቼም አይደለም። ከዚያ በፊት ሁለት እሁድ ቁስለኞች ወደተኙበት ሄጄ ቁስል ሳጥብ ነበር። አንዱ የእኔ እኩያ ነው፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ደሙን በደንብ የሚያስርለት ሰው አጥቶ ስድስት ሰዓት በመኪና እንደተጓዘ ነገረኝ፤ አነጋገሩ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ነበር የሚመስለው። እኔ ደም ማሰር እችላለሁ፣ እታለም። ከዚያ ቀን በኋላ ክሊኒክ ተቀምጬ የደም ግፊት መለካት አላስቻለኝም።

የተመዘገብነው ከሌሊሴ ጋር ነበር። ኮሌጅ አብረን ተምረን፣ አንድ ክሊኒክ ተቀጥረን፣ እሷ በሌለችበት ያደረግሁት ነገር የለም። በአምስተኛው ቀን ግን ስሟን አሰርዛ መጣች። ያውም ለእኔ ሳትነግረኝ፣ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ነው ያወቅኩት። ለስምንት ቀን አላናገርኳትም። አንድ ክፍል ውስጥ እየሠራን መርፌ ስትጠይቀኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላታለሁ እንጂ በእጇ አልሰጣትም ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ብሩኬ። ባለፈው ፋሲካ ስትመጪ ከጦር ኃይሎች ጀምሮ እስከ በራችን ያደረሰሽን ባለሚኒባስ ታስታውሺዋለሽ። «ማነው?» ስትዪኝ «የሰፈር ልጅ ነው» ብዬሽ ነበር። አብረን ከሆንን ሁለት ዓመት አልፎናል። ስለ ዋሸሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

መመዝገቤን የሰማ ዕለት እሱም ሄዶ ተሰለፈ። እግሩ ውስጥ ከድሮ የመኪና አደጋ የቀረ ብረት ስላለ መለሱት። ቀኑን ሙሉ ምሳ እንኳ ሳይበላ ሲነዳ ዋለ። በማግስቱ 18 ማዞሪያ ላይ ተራ ሲጠብቅ ጋቢና አስገባኝና «ከመሄድሽ በፊት ወረዳ ሄደን እንፈራረም» አለኝ።

«ባልመለስስ? በሃያ ስድስት ዓመትህ ሚስቱ የሞተችበት ልትባል ነው?» አልኩት።

«ባትመለሺ ስልኩ ለእኔ እንዲደወል ነው የምፈልገው» አለ። «ለፍቅረኛ የሚደውል የለም። እኔ ከሰው አፍ መስማት አልፈልግም።»

ተራው ደርሶ ከኋላ ያሉት ክላክስ ያደርጉበታል። «አይሆንም» ብዬው ወረድኩ። ስለማልወደው አልነበረም፤ ነፃ እንዲሆን ብዬ ነው። ትልቅ ደግነት የዋልኩለት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የማስረጃ ጣጣ መጣ። መታወቂያዬ በ1990 ተወለደች ይላል፤ የትምህርት ማስረጃዬ ደግሞ 1992። አስተካክለሽ አምጪ ተባልኩ። እማማን የክርስትና ካርዴን ብጠይቃቸው እንደ ወትሮው «ጠፍቷል» አሉኝ። እኔም ሳልነግራቸው ደብረ ብርሃን፣ ክርስትና ወደተነሣሁበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጸሐፊው ሽማግሌ ናቸው። የዚያን ዘመን መዝገብ አውጥተው በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ ፈለጉልኝ። የክርስትና ስሜ፣ የክርስትና እናቴ፣ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ ቆም አሉና መታወቂያዬን ደግመው አዩት።

«አባትሽን ማን አልሽኝ?» አሉ። ነገርኳቸው። «እዚህ ደግፌ ነው የሚለው» ብለው መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩልኝ።

በአባት ቦታ ደግፌ ይላል። በእናት ቦታ የተጻፈው ስምም የእማማ አልነበረም። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሰውዬው ደንግጠው «የጻፈው ሰው ተሳስቶ ይሆናል፤ እንዴት ላድርግልሽ?» አሉኝ። «እንዳለ ይገልብጡልኝ» አልኳቸው።

በቀጥታ ቤት መግባት አልቻልኩም። እትዬ ሸዋገነት ጋ ሄድኩ። አሁንም እዚያው አጥራቸው ሥር ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ወረቀቱን ሳላሳያቸው «ድሮ እዚህ ሰፈር ደግፌ የሚባል ሰው ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ፊቴን አዩት፣ ጠጋ ብዬ እንድቀመጥ አደረጉኝና ነገሩኝ።

አናጺ እንደነበረ። የግቢያችንን በር የሠራው እሱ እንደሆነ። በ1991 ጥር ላይ እንደ ዘመተ። ከመሄዱ በፊት በነበሩት ሦስት ሳምንታት ከአንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጋር በየቀኑ ከጦር ኃይሎች እስከ ኮልፌ በእግራቸው ይመጡ እንደነበር፤ ታክሲ ቶሎ ስለሚያደርስባቸው። «ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏት ሄደ» አሉኝ። መርዶው የተነገረው ለእናቱ ነው። እናትየው የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ነው፤ ልጅቷን አያውቋትም። ለልጅቷ ማን ይንገራት? ከወር በኋላ ከእትዬ ሸዋገነት ቲማቲም ስትመርጥ፣ ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ቆመው «ያ አናጺው እኮ ቀረ» ሲባባሉ ሰማች።

«የመረጠችውን አንድ በአንድ መልሳ አስቀመጠችና ሄደች» አሉኝ። «አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ስለሆነው አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን እማማ ፊት አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡት። ሲጨርሱ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ ያዙት። «እሷ ላይ እንዳትፈርጂ» አሉኝ። «ደብረ ብርሃን እህቴ ዘንድ የላክኋት እኔ ነኝ። አንቺንም የእኔ ናት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ትምህርቷን እንድትጨርስ ብዬ። ሁሉንም እሺ ብላኛለች። ክርስትናሽ ላይ ብቻ፣ ቄሱ የወላጆቿ ስም ማን ይባላል ሲሉ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ቀድማኝ መለሰች።»

አልዋሽሽም፣ ተናድጄ ነበር። ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። የተናደድኩት በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ትምህርት ቤት ስታደርሺኝ ደወሉ እስኪደወል በሩ ላይ ትቆሚ ነበር፤ የሌሎቹ እህቶች ሄደው አንቺ ብቻ ትቀሪያለሽ። አግብተሽ ጅማ ልትሄጂ ስትዪ ሻንጣሽን ስትፈቺና መልሰሽ ስታስሪ ያየሁት ትዝ አለኝ። ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ዕቃ የረሳሽ መስሎኝ አብሬሽ ስፈልግ ነበር። ሁለቱ ቀን ሲያልፍ ንዴቱ የለም። የቀረው፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ በአሥራ ስምንት ዓመትሽ፣ ሁለት ስም ጮክ ብለሽ መናገርሽ ነው።

ሰኞ ጠዋት ብሩኬን ጦር ኃይሎች ላይ አገኘሁት። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሣ ነው። በመስኮቱ በኩል «አሁንም ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«ምን?» አለኝ።

«መፈራረም።»

ሞተሩን አጠፋና ወደ ተሳፋሪው ዞሮ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጨርስ» አላቸው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ «ጨርስ፣ ጨርስ፤ እኛ አንቸኩልም» አሉት። ሰዉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ እጄን በመስኮቱ ያዘና «ምን አገኘሽ?» አለኝ። «ልክ ነበርክ፤ ሌላውን በኋላ እነግርሃለሁ» አልኩት። ነግሬዋለሁ። ከእሱና ከሌሊሴ በቀር ለሌላ ሰው አልነገርኩም።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ስወጣ ዘነበወርቅ፣ ሌሊሴ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍታ ስታየኝ መንገዱን ሳትለቅልኝ ቆመች። «ፈራሁ» አለችኝ። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ስምንት ቀን ሙሉ ሰበብ ስፈልግልሽ ነበር፣ አንዱም አላማረኝም።» እኔ እንኳ መፍራቴን ለማንም አልተናገርኩም። ለእሷ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። እንደምፈራ፣ ብፈራም እንደምሄድ። ከዚያ «ዓርብ ምስክር ያስፈልገኛል» አልኳት።

ትናንት ዓርብ ተፈራረምን። ወረዳው በሰው ተጨናንቆ ስለነበር እስከ ስምንት ሰዓት ተራ ጠበቅን። እማማ ነጭ ለብሰው ከሁሉም ቀድመው ደርሰው ነበር። ሌሊሴ ስትፈርም ፊርማዋ የሌላ ሰው መስሎ ወጣ፤ ሠራተኛዋ መታወቂያዋን ደግማ ጠየቀቻት። ከዚያ 18 ማዞሪያ ጥብስ በላን። ብሩኬ አንድም ቀልድ አልቀለደም፤ እሱን ለሚያውቀው ይህ ብዙ ነው። አንቺ አለመኖርሽ ቅር አሰኝቶኛል፤ ግን በስልክ ብጠራሽ ሁሉንም በስልክ መንገር ሊሆንብኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ቅጽ ሞላሁ። የቅርብ ተጠሪ ብሎ የሁለት ሰው ስም ይጠይቃል። በመጀመሪያው መስመር ባሌን ጻፍኩ። በሁለተኛው ያንቺን ሙሉ ስምና ስልክ ጻፍኩ። ዝምድና በሚለው ቦታ መዝገቡ ያለውን ጻፍኩ። ስለ እኔ የሚነገር ነገር ካለ ከማንም ቀድመሽ ትሰሚያለሽ፤ ሰው እስኪያወራ አትጠብቂም።

እንድትመልሺልኝ አልጠይቅሽም። ለጋሽ አምሐና ለልጆቹ ብትነግሪም፣ ባትነግሪም፣ ፈቃዱ ያንቺ ነው። እኔ ለማንም አልናገርም። አፌ ስለለመደም እታለም እያልኩሽ እቀጥላለሁ። ረቡዕ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከጦር ኃይሎች እንነሣለን። መምጣት ከቻልሽ ማክሰኞ ብሩኬ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ይቀበልሻል። ካልቻልሽም አልቀየምሽም። ሥራዬን አውቃለሁ፣ ተጠንቅቄ እሠራለሁ፤ ሄጄ እመለሳለሁ።

እግዚአብሔር ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልሽ። ልጆቹን ያሳድግልሽ፤ ለጋሽ አምሐ ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ። ያ አናጺም ባለበት ነፍሱን ይማርልን። እማማ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን ብለውሻል። ብሩኬም በአክብሮት እጅ ነሥቷል።

በኩርሽ