ሦስት ደቂቃ ለካልሲዬ

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከቀኑ 9፡00
አራተኛ ልምምድ። ዛሬም አልጨረስኩም። መ/ር ሀብታሙ ሰዓት ይዘው ቆመዋል፣ እኔ ገና ሰላምታ ላይ ነኝ። ዳኞች እንዴት ሰነበታችሁ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና... ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ለፒች፣ ሥራችንን ለዳኞች ለማስረዳት፣ የተሰጠን 3 ደቂቃ፤ አንዱን በ«እንዴት ናችሁ» በላሁት። መ/ር ሰላምታውን ተይው፣ በጥያቄ ጀምሪ አሉኝ። ዲዛይን ልማር እንጂ ብልግና ልማር መጣሁ እንዴ፣ ማስታወሻዬ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
ሰላምታውን ተውኩት። 2 ደቂቃ ከ50! ደስ ብሎኛል። ካልሲዬ ከላስታ በግ ፀጉር የተሠራ ነው፤ ታቹ ወፍራም፣ ጫማ አውልቆ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ለሚገባ ሰው። ዓርብ በውድድሩ አንደኛ የወጣ ሆቴል ውስጥ መሸጫ ጥግ ይሰጠዋል። ካላገኘሁ አ.አ. መሄዴ ነው፤ አክስቴ ቡቲኳ ውስጥ ልታስቀጥረኝ ከአሁኑ አልጋ አዘጋጅታለች። የሰው ልብስ ሳጣጥፍ ልኖር? አልፈልግም። ፈርቻለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። 11፡30
ጉድ ልንገርህ።
መድረክ ወጣሁ። ዳኞቹን አየሁ። መሀል ላይ አባ ኪሮስ፣ የነፍስ አባታችን! ማንም አልነገረኝ። መስቀል ሳልሳለም ስለ ካልሲ ላውራ? እግሬ ራሱ ይዞኝ ወረደ። አባ ሲባርኩ ደግሞ አይቸኩሉም፤ እናቴን፣ አባቴን፣ ወንድሞቼን በየስማቸው። መ/ር ሀብታሙ ራሳቸውን ይዘዋል። ስመለስ የቀረኝ 40 ሴኮንድ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ።
«አባ፣ ኪዳን ሲያደርሱ እግርዎን አይበርድዎትም?» አልኩ።
«ይበርደኛል እንጂ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ በረደኝ።»
አዳራሹ ሳቀ። ካልሲዬን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሰዓት አለቀ።
አንደኛ የወጣችው ከድጃ፣ የጋሸናዋ ጓደኛዬ፣ በባጃጅ የዝናብ መጋረጃዋ። ይገባታል፤ አቅፌ ሳምኳት። እኔ ምንም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ትንሽ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ረፋድ
አባ እኛ ቤት ድረስ መጡ። ካልሲዬን ይዘውት ሄደው ኖሯል፣ ዛሬ ኪዳን ላይ አድርገውት ቆሙ። ሌሎቹ ካህናት ከየት አመጡት ብለው አፋጠጧቸው። ከኋላቸው አምስቱ፣ ሁሉም ካልሲ ሊያዙ! መለኪያ የለኝ፤ ይቅርታ፣ ከአንተ ስድስት ገጽ ቀድጄ እግራቸውን ዙሪያውን በእርሳስ ነደፍኩ። የአባ አውራ ጣት ከገጹ ተርፏል።
አክስቴ ደወለች። መቼ ነው የምትመጪው አለች። አልመጣም፣ ሥራ ይዣለሁ አልኳት። የምን ሥራ ስትለኝ ደጃችን ላይ የተደረደረውን የካህናት ጫማ እያየሁ «ካልሲ ሥራ፤ ስድስት ጥንድ ታዝዣለሁ» አልኳት።