የሰው እህት

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ስፌት ቤቱም ሥራ አላጣም።

ከጎኔ ለምትሰፋዋ ሴት እህቷ ከውጭ አገር በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትደውልላታለች። አይ ጉራ! ሁላችንም እንድንሰማላት የስልኳን ድምፅ ከፍ ታደርገዋለች። ደንበኛ ቢጮህባት እንኳ እያንጎራጎረች ትሰፋለች፤ እኔ ግን በትንሽ ትልቁ ሆድ ይብሰኛል። ቅናት እንዳይመስልሽ፤ ጩኸቱ ነው የሚያናድደኝ።

ትናንት እህቷ በስልኩ፣ «አጠገብሽ ያለችውስ በላች?» ብላ ጠየቀች። ሳላስበው፣ «በልቻለሁ፣ እትዬ» አልኳት። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የምልክልሽን ቀሚስ በድሮው ልክሽ ቆርጬዋለሁ። ተለውጠሽ ከሆነ ሳልሰፋው ደውለሽ ንገሪኝ። ብቻ በምሳ ሰዓት ይሁንልኝ፤ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ።

ክፉ አይንካሽ።

ታናሽሽ